በሸህ ጀውሀር ረድፍ መሐል የቀረው ክፍተት

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም። ብጠራው ከመካከላችሁ የዚያች አገር ሰው ይገኝና «የእኛ ሸህ እኮ ናቸው» ብሎ ጨዋታው ወደ ዘር ቆጠራ ይሄድብናል። ከተማዋ በአንድ ረዥም ተራራ ጫንቃ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ከላይ መስጊዱና ገበያው፣ ከነሱ በታች ቤቶቹ፣ ከቤቶቹ በታች ደግሞ እስከ ወንዙ ድረስ የሚወርድ የእርሻ ቁልቁለት ነበራት። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ከላይ እየተነሳ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፣ ወንዙም ቀይ ሆኖ ይሰነብታል። የአገሩ ሰው ይህን ለምዶት ነበር። አያቶቹ እህል ያፈሱበት መሬት ጭንጫ ሆኖ ሲጠብቀው «የአላህ ሥራ ነው» ይልና ወደ ሌላ ማሳ ይሻገራል። ሌላ ማሳ እስካለ ድረስ ማለት ነው።

ሸህ ጀውሀር የዚያች ከተማ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ያህል ኪታብ ያስቀሩ፣ ደረሳ ያስተማሩ፣ የተጣላ ያስታረቁ፣ የሞተ የቀበሩ ዓሊም ነበሩ። በወጣትነታቸው ዒልም ፍለጋ ዝናብ ወደማይለየው ወደ ምዕራቡ የቡና አገር ሄደው ነበርና እዚያ አንድ ሳር አዩ። ቬቲቨር ይሉታል። በቁልቁለት ላይ በአግድም ጥቅጥቅ አድርገው በረድፍ ይተክሉታል። ውሃው ሲመጣ ሳሩ ላይ ይቆማል፣ አፈሩን እዚያው ይጥላል፣ ራሱ ግን ቀስ ብሎ እየተጣራ ያልፋል። ሥሩ ከሰው ቁመት በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ዘር ስለማያረግፍ ማሳ አይወርርም። የሚበዛው አንዱ ሥር ተሰንጥቆ ሃያ ችግኝ ሲሆን ነው። ሸህ ጀውሀር ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ በበቅሏቸው ላይ ከኪታቦቹ ጎን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሳር ጭነው መጡ። አሥራ አንድ ቀን መንገድ ነው። የከተማዋ ሰው «ሰው ከዚያ ሁሉ አገር ሳር ተሸክሞ ይመጣል?» ብሎ ሳቀ። ከብቱ የማይወደው፣ ፍሬ የማይሰጥ ሳር።

ሳቁ አምስት ክረምት ያህል ዘለቀ። በስድስተኛው የሸሁ ማሳ ከረድፉ በላይ ሜዳ እየሆነ መጣ፤ ሰው እጁን ሲሰድበት እስከ ክንዱ የሚገባ ጥቁር አፈር ተኛበት። ያኔ ሳቁ ቆመና ልመናው ተጀመረ። ሸሁም ሰጡ። ለጠየቀ ሁሉ ሰጡ። ቁልቁለቱ ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ ተሞላ፣ ስሙም «የሸሁ ሳር» ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሌላ በረከት መጣ። ባል የሞተባቸውና መሬት ያነሳቸው ሴቶች ጀማዓ መሥርተው ቅጠሉን በበጋ እያጨዱ የመስገጃ ምንጣፍ፣ ገመድና የቤት ክዳን ይሠሩበት ጀመር። ሥሩ ሽታው ደስ ስለሚል ቁራጩን በልብስ ሣጥን ውስጥ ይጥሉታል። የመስጊዱ ጣሪያ በዚያ ሳር ተከደነ፤ ሰውም በዚያ ሳር ምንጣፍ ላይ ግንባሩን ለሱጁድ ያስቀምጥ ነበር። ሸሁ በሴቶቹ ላይ የጣሉት አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ ቅጠሉን እጨዱ፣ ሥሩን አትንኩ፣ ረድፉ መሐል ክፍት ቦታ ካያችሁ በዚያው ቀን ሙሉ። ክፍት የተገኘ እንደሆነ ውሃው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባልና ረድፉ ጭራሽ ከሌለበት ጊዜ የከፋ ይሆናል ይሉ ነበር። ይህን ለሠላሳ ዓመት ተናግረዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሸህ ጀውሀር ሰባ አራት ዓመት በሞላቸው ዓመት፣ በሰኔ ማብቂያ፣ አንድ ማክሰኞ ከዙህር በኋላ ዘጠኝ እንግዶች መጡባቸው። ከሁለት ቀን መንገድ ማዶ ካለ አገር የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ልብሳቸው በጭቃ ተበላሽቷል፣ ፊታቸው ላይ ድካም አለ። የመጡት ሳሩን ለመለመን ነው። መሬታቸው እየሄደ እንደሆነ፣ ዘንድሮ ካልተከሉ የሚቀራቸው ድንጋይ እንደሆነ ነገሯቸው። የሸሁ የችግኝ መደብ ግን ባዶ ነበር። የመጨረሻውን የሴቶቹ ጀማዓ ባለፈው ሳምንት ወስዶታል።

«በሚቀጥለው ዓመት ኑ» ማለት ይችሉ ነበር። ነውር አልነበረበትም። ግን ምላሳቸው «የለም» ማለትን አያውቅም፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰጪ መባልን ወደውታል። ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ በኋላ። ዶማቸውን አንስተው እንግዶቹን ይዘው ወደ ማሳቸው ወረዱና ከላይኛው ረድፍ መሐል መቆፈር ጀመሩ። ሳሩ የወፈረው እዚያ ነው። የወፈረውም የተራራው ውሃ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ነው፤ ይህንንም ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አራት እርምጃ ያህል ቦታ ተከፈተ። ሥሩን እየሰነጠቁ ለዘጠኙ አከፋፈሉ፣ ለክፍተቱ መሙያ የሚሆን ደግሞ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ለብቻ አኖሩ።

ከእንግዶቹ አንዱ «ሸሆቹ፣ እኛ እንተክልልዎት፤ ዘጠኝ ሰው ነን፣ አፍታም አይፈጅ» አላቸው።

«ተዉት ልጆቼ፣ መንገዳችሁ ሩቅ ነው። ነገ እኔው እሞላዋለሁ» አሉት።

እንግዶቹ እጃቸውን ስመው፣ ዱዓ አስደርገው ሄዱ። ሸሁም ደስ ብሏቸው ቤት ገቡ። በማግስቱ ጉልበታቸው አልነሳ አላቸው። ሐሙስ ጀናዛ ነበር፣ ቀብር ላይ ዋሉ። ቅዳሜ ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ተጣልተው መጡና እነሱን ሲያስታርቁ መሸ። ከዚያ ቀን ከቀን የሚያካፋ ዝናብ ያዘ። ጆንያው ከቤቱ ጀርባ ባለው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፤ በየቀኑ ለውዱእ ሲወጡ ያዩታል፣ ባዩት ቁጥርም «ነገ» ይላሉ። ደክሟቸው ነበር። ድካም ብቻውን ኃጢአት አይደለም፣ ግን ድካማቸውን ለአንድም ሰው አልተናገሩም። «ይህችን ሙሉልኝ» ቢሉ ሃያ ሰው ይሮጥ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሰጡ የኖሩ ሰው መለመኑ ከብዷቸው ቀረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስድስት ቀን ሄደ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ዙህር ተሰግዶ ደረሶቹ ኪታብ ዘርግተው ሳለ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ወረደ። ሸሁ እያስቀሩ ነበር። በመሐል ንባቡን አቋረጡ። ከዝናቡ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ሰምተዋል፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚወርድ የውሃ ድምፅ ነው። ደረሶቹ ቀና ብለው አዩዋቸው። እሳቸው ኪታቡን ከደኑና ያለ ጃንጥላ ወጡ። ማንም ሳይነግራቸው ምን እንደሆነ አውቀውት ነበር።

ከረድፋቸው በታች ያለው ማሳ የዙበይዳ ነው። ዙበይዳ ባሏ ይመር ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። በበጋ ምንጣፍ ትሠራለች፣ ክረምቱን የምታልፈው ግን በዚያች ማሳ ነው። ማሽላዋ ጉልበት ደርሶ ነበር። ሸሁ ሲደርሱ ውሃው እስከ ዛሬ በየዓመቱ እንደሚያደርገው ረድፉ ላይ ቆሟል፣ ከዚያ ወደ ክፍቱ ተሰብስቦ በአራት እርምጃ በር አንድ ላይ ይወርዳል። ማሳዋን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ቀዶታል። ቦረቦሩ እስከ ወገብ ይደርሳል። ማሽላውም አፈሩም ሄዶ ከሥሩ ነጩ ጭንጫ ወጥቷል። ዙበይዳ ዳር ላይ ቆማ ታያለች። አላለቀሰችም። ሸሁን ስታይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና «አሰላሙ አለይኩም ሸሆቹ» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ሸሁ ሰላምታውን መለሱ።

እስከ አሱር ድረስ ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። ብዙው ሰው «ቀደር ነው» አለ። ዝናቡ ዘንድሮ በዝቷል፣ አላህ የሻውን ያደርጋል፣ ምስኪን ዙበይዳ። ሸምሱ የሚባል ገበሬ ግን ሌላ ነገር አለ። ረድፉ ከማሳዬ አንድ እርምጃ ስፋት ይበላብኛል እያለ ሁሌ የሚያጉረመርም ሰው ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄ ሳር ውሃ ያቆማል ተባልን። አቆመ? እኔ ቅዳሜ የእኔን ነቅዬ ማሽላ እዘራበታለሁ» አለ በገበያው መሐል።

ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። መሬት የጠበበበት ዘመን ነው፣ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ ነው።

በማግስቱ ጁሙዓ ነበር። ከሱብሂ በኋላ ሰው ሲበተን የመስጊዱ ኢማም ሐጂ ቡሽራ ከሸህ ጀውሀር ጎን መጥተው ተቀመጡ። አብረው ያደጉ፣ አንድ ሸህ ሥር አብረው ኪታብ የቀሩ ናቸው።

«ክፍተቱን አይቼዋለሁ» አሉ ሐጂ ቡሽራ።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«አውቃለሁ። ግን የሚያወራው ሰው የለም፤ ሁሉም ቀደር ነው እያለ ነው። ተወው። አላህ የሸፈነልህን አንተ አትግለጠው። ይህን ለሕዝቡ ያስቀራኸው አንተው ነህ።»

«አስቀርቻለሁ።»

«ስምህ ያንተ ብቻ አይደለም ወንድሜ። ነገ ሁለት ሰው ደም ሊፋሰስ ሲነሳ በማን ስም እንገባለን? ለዙበይዳ ከዘካው እህል እንሰጣታለን። አትራብም። አንተም ተከብረህ ትኖራለህ፣ ነገሩም ያልፋል።»

የሸህ ጀውሀርም ልባቸው ወደዚህ ምክር አዘንብሎ ነበር፣ ይህን አልደብቅላችሁም። ሌሊቱን አልተኙም፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ዕድሜያቸው ደግሞ ሰው አዲስ ውርደት የሚለምድበት ዕድሜ አልነበረም። ምክሩም የክፉ ሰው ምክር አይደለም። ዲኑ የሰውን ነውር መሸፈን ያስተምራል። ትንሽ ቢያርፉ፣ እንዲሁ ዝም ብለው ቢያርፉ ወደዱ።

«ሽፋኑ» አሉ በመጨረሻ፣ «በእኔና በጌታዬ መሐል ላለው ነገር ነው። ይሄ የዙበይዳ ነው። እኔ እንዴት በሷ ሐቅ ተሸፍኜ እቀመጣለሁ?»

«ቡሽራ» አሉ ደግሞ ቆይተው፣ «ሸምሱ ቅዳሜ ሳሩን ሊነቅል ነው። እሱን አይቶ ሌላው ይነቅላል። ሳሩ ያላደረገውን አደረገ ብለን ሐሰት እየመሰከርንበት ነው። እኔ ዝም ካልኩ ይሄ ቁልቁለት በአሥር ዓመት እንደ ጥንቱ ድንጋይ ይሆናል።»

ሐጂ ቡሽራ ይህን ሰምተው ተነስተው ሄዱ።

ጁሙዓ ከተሰገደ በኋላ ሸህ ጀውሀር ሰው እንዳይበተን አስነገሩ። ወንዶቹ በመስጊዱ ግቢ ባለው ዋርካ ሥር ቆሙ፣ ሴቶቹ በግድግዳው በኩል ተሰበሰቡ። ሸሁ ከቤታቸው ያመጡትን ጆንያ መሬት ላይ አስቀመጡና ፈቱት። ውስጡ ያለው ችግኝ ቢጫ ሆኖ ሸትቷል።

«ይህ ሳር» አሉ፣ «ከላይኛው ረድፌ መሐል ነቅዬው ነው። እንግዶች መጡብኝ፣ የለም ማለት አፈርኩ። ነገ እሞላዋለሁ አልኩ። አሥራ ስድስት ቀን ነገ አልኩ። ትናንት የወረደው ውሃ በዚያ ክፍት ነው የወረደው። ቀደር ነው የምትሉ ሁሉ፣ አላህ ሁሉን ወስኗል፣ እኔ ግን በጥፋቴ ላይ የአላህን ስም አላለብስም። የዙበይዳን ማሳ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

 አንድ ሰው «አስተግፊሩላህ» አለ በሹክሹክታ፣ ሌላው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሰው ሸሁን በእንዲህ ያለ ቦታ ቆመው ማየት አልፈለገም፤ አንዳንዱ ተቆጣ እንጂ አላዘነም። 

ያኔ ከሴቶቹ በኩል ዙበይዳ «እኔ አይቼው ነበር» አለች።

ሁሉም ዞረ።

«ክፍተቱን አይቼው ነበር። ውሃ ስቀዳ በየቀኑ የማልፈው በዚያ ነው። መጀመሪያ ቀን አየሁ፣ በሁለተኛው ቀን አየሁ፣ ሁልጊዜም አየሁ። ሸሆቹ የማያውቁት ነገር የለም፣ አንድ ምክንያት ቢኖራቸው ነው አልኩ። ሳሩን ያስተማሩን እሳቸው፣ እኔ ማነኝና ለሳቸው የምነግር? እፍኝ ችግኝ ከጀማዓው ወስጄ ልሙላውም አልኩ፣ የሸሆቹን ማሳ ሳያዙ መንካት ደግሞ ከአደብ አይደለም ብዬ ተውኩት።»

 ከወንዶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም አይቻለሁ» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «በሬዎቼን ሳሳልፍ አይቻለሁ፣ ግን እንዴት ብዬ…» አለና አልጨረሰውም። ከደረሶቹም ሁለቱ አይተዋል፣ ሸሃቸውን ግን አፍረዋል። ሐጂ ቡሽራ ራሳቸው ወደ መሐል ገቡና «እኔ ከሳምንት በፊት ነው ያየሁት። እንዳላሳፍርህ ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። እየቆጠሩ ሲሄዱ አሥራ አንድ ሰው አይቶታል። አሥራ አንደኛው ሸምሱ ነበር፤ እጁን አነሳ።

«እኔም አይቻለሁ» አለ። «የእኔ ዝምታ ግን ከአክብሮት አልነበረም።»

ሰው ትንሽ ሳቀ፤ በዚያ ቀን የተሳቀው ያ ብቻ ነው።

ሸህ ጀውሀር ግን አልሳቁም። ዋርካውን ተደግፈው አንድ በአንድ አዩዋቸው። አርባ ዓመት የገነቡት ክብር ምን እንደሠራ ያኔ ገባቸው። አሥራ አንድ ሰው በአጠገቡ አልፏል፣ ከሸምሱ በቀር ሁሉም አክብሯቸው ነው ያለፈው። ይህ ከውርደቱ ይልቅ ከበዳቸው።

«ሳሩ አልከዳንም» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃው የገባው እኔ በከፈትኩት፣ እናንተም በአክብሮት ባለፋችሁት በር ነው።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞሩ። «ዙበይዳ፣ ከረድፉ በላይ ያለውን እርከኔን ያዢው። ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ አፈር ነው። የራስሽ አፈር እስኪመለስ ድረስ ያንቺ ነው።»

ዙበይዳም «ሸሆቹ፣ ሰደቃ ነው ወይስ ሐቄ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሐቅሽ ነው።»

«ሰደቃ ቢሆን አልቀበልም ነበር። ሐቄ ከሆነ እቀበላለሁ።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እንግዲህ» አሉ ሸሁ። የመጡት ለዚህ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ የሰው ሐቅ አንገታቸው ላይ ይዘው መሞትን ከምንም ነገር በላይ ይፈሩታል። እኛ ሁላችን በጁሙዓ ኹጥባ የምንሰማውና ስንወጣ የምንረሳው ነገር ለሳቸው በየቀኑ የሚያስቡት ነገር ነበር።

ዙበይዳ ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች። ከጎኗ ያሉት ሴቶች «በያቸው እንጂ፣ አውፍ በያቸው» እያሉ ጎሸሟት።

«ሸሆቹ፣ ሰው ፊት ቆሜ እያፈርኩ አውፍ ብል የምትለው ምላሴ ናት። ልቤ ገና ነው። ትናንት ማታ ልጆቼ ምን እንበላለን ሲሉኝ የመለስኩላቸው ነገር የለም። አፈሬ ሲመለስ ይጠይቁኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «አንቺ፣ ለሸህ እንዲህ ይባላል?» ብሎ ሊቆጣት ተነሳ።

ሸህ ጀውሀር እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። «ተዋት። እውነቷን ነው የነገረችኝ። ከሁላችን ይቺ ትሻላለች» አሉ።

ወደ ቤታቸውም እንደከበዳቸው ተመለሱ።

ሸምሱ ቅዳሜ ሳሩን አልነቀለም። ሸሁ ደግሞ በዚያው ቅዳሜ ጀማዓው በሰጣቸው ችግኝ፣ በራሳቸው እጅ ክፍተቱን ሞሉ፤ ሰው ሊያግዝ ሲመጣ «ይቺን ለእኔ ተዉልኝ፣ ከዚህ በታች ያለውን አግዙኝ» አሉ። ከዚያም በዙበይዳ ማሳ ላይ፣ በቦረቦሩ በአግድም፣ ሦስት ረድፍ ለመትከል ተነሱ። ቀላል ሥራ አልነበረም። ጭንጫ ላይ ችግኝ አይይዝም። ወንዙ ዳር ከተኛው ደለል በቅርጫት እየተሸከሙ ወደ ላይ መመለስ ነበረባቸው፤ ውሃው በአንድ ሰዓት ያወረደውን ሰው በአንድ ክረምት አይመልሰውም። ጎረቤት መጣ፣ ደረሶቹ መጡ፣ የሴቶቹ ጀማዓ መጣ። ዙበይዳ ራሷ ችግኝ ስትሰነጥቅ ከሁሉም ትፈጥን ነበር። ሸሁ አምስት ችግኝ ይተክሉና ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አምስት ይተክሉና ይቀመጣሉ። በዚያ ክረምት ከተተከለው ግማሹ ደረቀ።

በሁለተኛው ዓመት የደረቀውን ተኩ። ከረድፉ በላይ የተኛው አፈር ውፍረቱ ጣት አይሞላም ነበር። በሦስተኛው ዓመት ስንዝር ሆነ፣ ቅጠሉም ለአጨዳ ደርሶ ጀማዓው ከቦረቦሩ ውስጥ ለስድስት ምንጣፍ የሚሆን አወጣ። ሸሁና ዙበይዳ በየቀኑ ይገናኛሉ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ ችግኙ ያወራሉ፣ ስለ አውፍ ግን አንዳቸውም አላነሱም። ሸሁ ሌሊት ሌሊት ደረታቸውን እያመማቸው ሲነቁ «ያ ረብ፣ አፈሩ እስኪመለስ አቆየኝ» ይሉ ነበር። ለረዥም ዕድሜ ዱዓ አድርገው አያውቁም ነበር፣ በዚያ ሰሞን ግን አደረጉ። ያንን ዱዓ ማድረጉም አደከማቸው።

በከተማው ላይ ግን አንድ ልማድ ገባ። ከዝናብ በኋላ ረድፍ መሐል ክፍት ያየ ሰው፣ የማንም ማሳ ይሁን፣ ቤቱ ሳይገባ በፊት ለባለቤቱ በሩ ላይ ሄዶ መንገር አለበት። ያዘዙት ሸህ ጀውሀር ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ወደሳቸው በር ሲመጣ ያፍር ነበር። ቆሞ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው ያወራና ሳይነግራቸው ይሄዳል። እሳቸው ከኋላው እየጠሩ «ክፍቱስ?» ይሉታል።

በአራተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ሸህ ጀውሀር ከቤት መውጣት አቅቷቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ባለው ምንጣፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዙበይዳ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ነገር ነበር። ተቀመጠችና ፈታችው፤ አፈር ነው፣ ጥቁር፣ ከመሐሉ የማሽላ ሥር የተጣበቀበት። በሸሁ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ተመልሷል» አለች። «ዘንድሮ አጭጃለሁ። እርከንዎትንም መልሻለሁ። አውፍ ብያለሁ ሸሆቹ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ አላህም አውፍ ይበልዎ።»

ሸህ ጀውሀር መዳፋቸውን ጨበጡት። እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ፣ ሊጠርጉትም አልሞከሩም። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

«ክፍትስ አለ?»

ዙበይዳ አየቻቸው። ፊታቸው ከስቷል፣ ትንፋሻቸው አጭር ነው። እንዲህ ባለ ቀን ለእንዲህ ያለ ሰው «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለም» ማለት ይቀላል፤ እኔ ብሆን እንደዚያ እል ነበር። እሷ ግን «አለ» አለች። «ከእርስዎ የላይኛው ረድፍ፣ ያኔ በከፈቱበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ሥር ደርቋል። አብሽሩ፣ ወደዚህ ሳልመጣ በፊት ሞልቼዋለሁ።»

ሸሁ አፈሩን እንደጨበጡ ቀና ብለው አዩዋት።

«ዙበይዳ» አሉ፣ «አሁን ገና አከበርሽኝ።»

በዚያው ዓመት በሸዕባን ወር ወደ አኺራ ሄዱ። ጀናዛቸው የወጣው ከቦረቦሩ በታጨደው ሳር በተሠራ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ነው ይላሉ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የደነቀኝ የሸሁ መናዘዝ ነበር። እየሰነበተ ግን ልቤ ላይ የቀረው አሥራ አንዱ ሰው ነው። እኛ የምናከብራቸው ሰዎች አሉን፣ አባቶቻችን፣ ሸሆቻችን፣ ትልልቆቻችን። ክፍታቸውን እናያለን። ሰላምታ ሰጥተን፣ እጅ ስመን እናልፋለን፣ ይህንንም አደብ እንለዋለን። ውሃው ሲወርድ ግን የሚወርደው በእነሱ ላይ አይደለም። ከታች ባለችው በዙበይዳ ማሳ ላይ ነው። ሸህ ጀውሀር «አሁን ገና» ሲሉ አርባ ዓመት ሙሉ የተሳመው እጃቸው፣ የተነሳላቸው ሰው፣ የተባለላቸው ሁሉ ያንን አንድ ቃል አላከለም ማለታቸው ይመስለኛል። አንዲት ባል የሞተባት ሴት ደፍራ «አለ» አለቻቸው፣ ከማለቷም በፊት በእጇ ሞልታው ነበር።

እኔን ኪታብ ያስቀሩኝ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። በአንድ ጉዳይ ላይ ክፍታቸውን አይቼ ነበር። ትንሽ ነገር ነበረች፣ በአንድ ቃል የምትሞላ። አክብሬያቸው ዝም አልኩ። ነገሩ ሰፍቶ የሰው ቤት አፈረሰ፣ እሳቸውም ሳያውቁት ሞቱ። አሁን ቀብራቸው ላይ ቆሜ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ዱዓዬ ግን ከዚያች ቃል አያንስም ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም። አላህ ክፍታችንን የሚነግረን ሰው አያሳጣን፣ ሲነግረንም የምንሰማበትን ልብ ይስጠን።